የበግ ጸጉር ጥራት ከየት ይመጣል? ለመንዝና ለሰሜን ሸዋ ደጋ አርቢ ዝርዝር መመሪያ

የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ነው ይባላል። እውነት ነው። ግን ሻካራ ሁሉ እኩል አይደለም። ከአንድ መንደር የወጣ ጸጉር ሆኖ አንዱ እንዝርት ላይ ሳይቆረጥ ይፈተላል፣ ሌላው ገና ሲነደፍ ይበጣጠሳል። አንዱ ዝተት፣ ማለትም ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሆኖ ዓመታት ያገለግላል፣ ሌላው ቶሎ ይሳሳል። ይህ ልዩነት ዝም ብሎ የሚመጣ አይደለም። ምክንያቱ ይታወቃል፣ አብዛኛውም በአርቢው እጅ ነው።

ከደብረ ብርሃን ዙሪያ እስከ ሞላሌና መሐል ሜዳ ድረስ በግ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ሰዉ ስለ ሥጋው፣ ስለ ላቱ፣ ስለ ፋሲካ ዋጋው ይጨነቃል። ጸጉሩ ግን እንደ ትርፍ ነገር ይታያል። ይሸለታል፣ ጥቁሩም ነጩም የሆዱም የትከሻውም አንድ ጆንያ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ በግምት ይሸጣል። እኔን ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል። የመንዝ ሰው ያንን ሁሉ ብርድ የቻለው እኮ በበርኖስና በዝተት ነው። ከደብረ ብርሃን የሚወጣው የሱፍ ምንጣፍና ብርድ ልብስም መነሻው ይኸው ጸጉር ነው።

መመሪያው የሥራውን ቅደም ተከተል ይከተላል። ከአውራው ምርጫ ይጀምርና ገበያ ላይ ያልቃል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ነው።

1. መጀመሪያ የያዛችሁትን ጸጉር እወቁ

የጸጉር ጥራት ሲባል ብዙ ነገር አለበት። ቅጥነቱ፣ ርዝመቱ፣ ጥንካሬው፣ ቀለሙ፣ ንጽሕናው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እኩልነቱ። ቅጥነት የሚለካው በማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በለስላሳ ጸጉሩ የሚታወቀው የሜሪኖ በግ ጸጉር በአብዛኛው ከ24 ማይክሮን በታች ነው። ከ30 በላይ ሲሆን ቆዳን መኮስኮስ ይጀምራል፣ አገልግሎቱም ወደ ምንጣፍና ወደ ወፍራም ብርድ ልብስ ያደላል። የሰው ጸጉር በአማካይ ወደ 70 ይጠጋል።

የመንዝ በግ ሁለት ዓይነት ጸጉር በአንድ ላይ ይለብሳል። ከላይ ረጅምና ሻካራው አለ፣ ዝናቡን የሚያንሸራትተው እሱ ነው። ከሥር አጭርና ለስላሳው አለ፣ ሙቀቱን የሚይዘው እሱ ነው። በዚህ መሃል ደግሞ ነጭ፣ ደረቅና ተሰባሪ ጸጉር ጣልቃ ይገባል። ይህኛው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቀለም አይቀበልም፣ ከተሸመነም በኋላ ከጨርቁ እየወጣ ሰውን ይወጋል። ስለዚህ የእኛ በግ ጥራት ማለት ለስላሳው በዝቶ፣ ተሰባሪው ማነስ ማለት ነው።

ይህን ለማየት ማሽን አያስፈልግም። በጉን በብርሃን አቁሙት። ጸጉሩን በሦስት ቦታ ከፈል አድርጋችሁ እስከ ቆዳው እዩ፤ ትከሻው ላይ፣ ጎኑ ላይ፣ ታፋው ላይ። ትከሻው ሁልጊዜ የተሻለ ነው፣ ታፋው ሁልጊዜ የባሰ ነው። ጥሩ በግ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ የሆነ ነው።

ቀጥሎ የጥንካሬ ፈተና አለ። እንደ እርሳስ የሚወፍር አንድ ዘለላ ከቆዳው ጠጋ ብላችሁ ቁረጡ። ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጅ ያዙ። ወደ ጆሯችሁ አስጠግታችሁ ድንገት ሳብ አድርጉት። ጤነኛው እንደ ክር "ጥንን" ይላል። ደካማው ይንጫጫል ወይም መሃሉ ላይ ይበጠሳል። የት ላይ እንደተበጠሰ ልብ በሉ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

2. አውራውን በጸጉሩም ምረጡ

የጸጉር ቅጥነት ከወላጅ ወደ ልጅ በደንብ ከሚተላለፉ ጠባዮች አንዱ ነው። አንድ አውራ በዓመት ውስጥ ብዙ እናቶችን ስለሚያጠቃ የአውራው ምርጫ ከእናቲቱ ምርጫ በላይ ይመዝናል። ችግሩ የምናስቀረው አውራ ብዙ ጊዜ የተረፈን መሆኑ ነው። ፈጥኖ ያደገው፣ ያማረው ጠቦት ለበዓል ይሸጣል። ለዘር የሚቀረው ገዢ ያጣው ይሆናል። በዚህ መንገድ መንጋው በሥጋም በጸጉርም ወደ ኋላ ይሄዳል።

በመንዝ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተሞከረ አንድ ጥሩ አሠራር አለ። ጎረቤታሞች ተሰባስበው ጠቦቶቻቸውን በአንድ ላይ ያስመዝናሉ፣ የተሻሉትን ያስቀራሉ፣ በጋራም ይጠቀሙባቸዋል። ትኩረቱ ዕድገትና የግልገል በሕይወት መቆየት ነው። ይህ ተገቢ ነው። እዚያው ላይ ግን የጸጉር ምርመራ መጨመር ምንም ወጪ የለውም። ጠቦቱ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ከላይ የነገርኳችሁን የሦስት ቦታ ምርመራ አድርጉ። ታፋው ላይ ነጭ ተሰባሪ ጸጉር የበዛበትን ለዘር አታስቀሩ። ለጥቁር በርኖስ ጸጉር የምትፈልጉ ከሆነ ጥቁሩ ላይ ነጭ ያልተበተነበትን ምረጡ።

ስለ አዋሲ ብዙ ሰው ይጠይቃል። አዋሲ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣ ላታም በግ ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢም ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀል ቆይቷል። ቁመናው ትልቅ ነው፣ ጸጉሩም በኪሎ ይበልጣል። ዓይነቱ ግን አሁንም የምንጣፍ ጸጉር ነው። ለሹራብ የሚሆን ለስላሳ ጸጉር ከእሱ መጠበቅ የለባችሁም። ደግሞ ትልቅ በግ ብዙ ይበላል። መኖ የሌለው ሰው ዲቃላ ቢያስገባ በጉ ይከሳል፣ የከሳ በግ ጸጉር ደግሞ ይበጠሳል። የእኔ ምክር መኖው ሳይያዝ ዝርያ አይቀየርም የሚል ነው።

3. ጥራቱ በእናቱ ሆድ ውስጥ እንደሚጀምር አትርሱ

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከመመሪያው ሁሉ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህ ነው።

እያንዳንዱ ጸጉር የሚበቅለው ቆዳ ውስጥ ካለች የጸጉር ሥር ነው። ሥሮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ቀድመው ይፈጠራሉ፣ ሻካራውን ጸጉር ያወጣሉ። ሁለተኛዎቹ ዘግይተው ይመጣሉ፣ ለስላሳውን ያወጣሉ። በሜሪኖ ቆዳ ላይ ለአንድ የመጀመሪያ ሥር ሃያ ገደማ ሁለተኛ ሥሮች አሉ። በሻካራ ጸጉር በጎች ግን ከሦስት እስከ አምስት ያህል ብቻ ናቸው።

በግ አምስት ወር ያህል ታረግዛለች። ለስላሳውን የሚያወጡት ሥሮች የሚበስሉት ከመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ጀምሮ ግልገሉ ተወልዶ የመጀመሪያዎቹን ወራት እስኪጨርስ ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ እናቲቱ ከተራበች፣ ወይም ግልገሉ ወተት ካጣ፣ ሥሮቹ ሳይበስሉ ይቀራሉ። ያመለጡ ሥሮች ኋላ ተመልሰው አይመጡም። በጉ አድጎ ፋጉሎ ቢቀለብ እንኳ የለስላሳው ብዛት ያው ነው። የሦስት ወር ረሃብ የዕድሜ ልክ ጸጉሩን ይወስናል።

ምን እናድርግ? የመጀመሪያው ነገር ጥቂውን በጊዜ ማድረግ ነው። በደጋችን በጉ ሣር የሚጠግበው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። አውራው ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከእናቶቹ ጋር ቢቀላቀል ወሊዱ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ይውላል። የእርግዝናው ማብቂያ ከጥሩ ሣር ጋር ይገጥማል ማለት ነው። ጉዳቱ ግልገሉ ውርጭ ላይ መወለዱ ነው። ስለዚህ ነፋስ የማይገባበትና ደረቅ ጉዝጓዝ ያለው ጥግ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። አውራው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር የሚውል ከሆነ ለይታችሁ አግዱት፣ ካልተቻለም ሆዱ ሥር ሸራ እሰሩለት።

ሁለተኛው ድጎማ ነው። ለወሊድ ስድስት ሳምንት ሲቀራት ለእናቲቱ በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም የሚሆን የፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ድብልቅ ጨምሩላት። ከወለደችም በኋላ ቢያንስ ሁለት ወር ቀጥሉበት። ገንዘብ ካነሰ ለመንጋው ሁሉ በትንሽ በትንሹ ከመበተን ለእርጉዞቹና ለሚያጠቡት ብቻ መስጠት ይሻላል።

4. ዓመቱን እኩል አድርጉት

ጸጉር ከሞላ ጎደል ሁሉም ፕሮቲን ነው። ኬራቲን ይባላል፣ በውስጡም ድኝ ያለባቸው የፕሮቲን ክፍሎች ይበዛሉ። በሬ በገለባ ያርሳል፣ በግ በገለባ ብቻ ግን ጥሩ ጸጉር አያበቅልም። የገብስ ገለባ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። የኑግ ፋጉሎ ግን ከመቶ ሠላሳ ገደማው ፕሮቲን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የተራበ በግ ጸጉሩ ይቀጥናል። ሰው ይህን አይቶ "ለስላሳ ሆነ" ይላል። አይደለም፣ የረሃብ ቅጥነት ነው። እንዲህ ያለው ጸጉር አጭር ነው፣ ይበጠሳል። በደንብ የተቀለበ በግ ጸጉር ትንሽ ይወፍራል፣ ግን ይረዝማል፣ ይጠነክራልም።

የከፋው ደግሞ መለዋወጡ ነው። በጉ መስከረምና ጥቅምት ጠግቦ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ከተራበ አንዱ ጸጉር ራሱ ላይ ወፍራምና ቀጭን ቦታ ይፈጠራል። ቀጭኑ ቦታ መበጠሻው ነው። የበልግ ዝናብ በቀረበት ዓመት የመንዝ በግ ጸጉር ላይ ይህ ይብሳል። ከባድ ትኩሳት፣ አስቸጋሪ ወሊድና ድንገተኛ የመኖ ለውጥም ተመሳሳይ ጠባሳ ይተዋሉ። ባለፈው የመጎተት ፈተና ዘለላው የተበጠሰበትን ቦታ ልብ በሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ከቆዳው በኩል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ በጉ የተጎዳበትን ወር ታገኙታላችሁ። ጸጉሩ የዓመቱን ኑሮ መዝግቦ ይይዛል።

መፍትሔው የሚያዝያን መኖ ጥቅምት ላይ ማሰብ ነው። ሣሩ ሳይደርቅ፣ አበባ ላይ እንዳለ አጭዳችሁ ከምሩ። አጃና ቬች የሚባለውን የመኖ ጥራጥሬ አብራችሁ ዝሩ። በማሳው ዳር ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ትከሉ፤ ደጋ ይስማማዋል፣ ቅጠሉም በደረቁ ወራት አረንጓዴ ነው። የባቄላና የምስር ገለባ ከገብስ ገለባ ስለሚሻል ለበጉ አስቀሩት፣ የገብሱን ለከብቱ ስጡ። የጠላ አተላ ካለ እሱም ይረዳል። አዲስ መኖ ስታስገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሁን።

ስለ ማዕድን አንድ ነገር ልበል። መዳብ ሲያንስ የጸጉሩ ቁጥርጥር ይጠፋል፣ እንደ ሽቦ ቀጥ ይላል፣ ጥቁሩም ከሥሩ ግራጫ እየሆነ ይመጣል። ከጫፉ ብቻ ቡኒ ከሆነ ግን ፀሐይ ያነጣው ስለሆነ አትደንግጡ። መዳብ የጎደለ ቢመስላችሁም ራሳችሁ አትጀምሩ፣ የእንስሳት ባለሙያ አማክሩ። በግ መዳብ ሲበዛበት ይመረዛል፣ ይሞታልም። ለከብት ወይም ለዶሮ የተዘጋጀ የማዕድን ድብልቅ ለበግ የማይሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ተራ ጨው ግን ዓመቱን ሙሉ ይቅረብላቸው።

5. ጥገኛ ተባይን ጸጉሩን ከማበላሸቱ በፊት አጥፉ

ቅማልና ደም የምትመጥ ክንፍ አልባ የበግ ዝንብ ደጋ ላይ ይበረታሉ። በጉ ሲበላው ከግንብና ከአጥር ጋር ይታከካል፣ ጸጉሩን በጥርሱ ይነጫል። ጸጉሩ ይቆራረጣል፣ ይቆሽሻል፣ ይቋጠራል። ጉዳቱ ቆዳውም ላይ ይቀጥላል። የቆዳ ፋብሪካዎች "እከክ" ብለው ዋጋ የሚጥሉበት ነጠብጣብ አንዱ ምክንያት ይኸው ተባይ ነው።

ሕክምናው የሚሠራው በትክክለኛው ሰዓት ሲሆን ነው። መጀመሪያ ሸልቱ፣ ከዚያ አስረጩ ወይም አስነክሩ። ረጅም ጸጉር ውስጥ መድኃኒቱ ቆዳው ድረስ አይገባም። ብዙው መድኃኒት የቅማሉን እንቁላል ስለማይገድል ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። እናንተ አክማችሁ ጎረቤት ካላከመ በጋራ ግጦሹ ላይ ተመልሶ ይመጣል። መንደሩ በአንድ ቀን ቢያሳክም ወጪውም ይቀንሳል። የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገራችሁ።

የውስጡ ትልም እንደዚሁ ነው። ረግረግ ላይ የሚግጥ በግ የጉበት ትል ይይዘዋል። ፕሮቲኑን ትሉ ይጋራዋል፣ ጸጉሩ ይሳሳል፣ በእጅ ሲነካ ይነቀላል። ክረምት ሲወጣና በበጋው አጋማሽ መድኃኒት መስጠት በደጋው የተለመደና የሚጠቅም ነው። የበግ ፈንጣጣ ክትባትም አይለፋችሁ፤ ያ በሽታ ቆዳውንም ጸጉሩንም አብሮ ያበላሻል።

6. ጉረኖውንና ውሎውን አጽዱ

የሽንት ቢጫ በየትኛውም ሳሙና አይለቅም። ጉረኖው ደረቅ ይሁን፣ ጉዝጓዙ በየጊዜው ይቀየር። መኖ ከበጉ ራስ በላይ አትስቀሉ። በጉ ሲስበው ገለባው አንገቱና ትከሻው ላይ ይፈሳል፤ ምርጡ ጸጉር ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ጭጎጎት የበዛበትን ማሳ መሸለቻው ሲቃረብ አታስግጡ። በጉን ለመለየት ቀለም ወይም ሬንጅ አትቀቡ፣ የጆሮ ቁጥር ይበቃል።

7. ወሩን መርጣችሁ ሸልቱ

መቼ ይሸለት? መልሱ ከአየሩ፣ ከእርግዝናውና ከዚያ ከቀጭኑ ቦታ ጋር ይያያዛል።

ቀጭኑ ቦታ የሚፈጠረው በረሃቡ ወራት፣ በአብዛኛው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ከሸለታችሁ ያ ቦታ ከጸጉሩ ጫፍ ርቆ ወደ መሃል ይገባል። ሲነደፍ ለሁለት ይቆረጣል፣ ሁለት አጭር ቁራጭ ይሆናል። ሚያዝያ ላይ ከሸለታችሁ ግን ቀጭኑ ቦታ ሥሩ ላይ፣ መቁረጫው አጠገብ ይወድቃል። ዘለላው በሙሉ ርዝመቱ ጠንካራ ይሆናል። ሚያዝያ ላይ ውርጩ አልፏል፣ የክረምቱ ብርድም አልደረሰም። ስለዚህ ለደጋችን ሚያዝያን እመርጣለሁ። መኖው የሚሳሳበት ወር ስለሆነ ግን የተሸለተው በግ ተጨማሪ ይፈልጋል፤ ሙቀቱን ለመጠበቅ ብዙ ይበላል። የከመራችሁትን ሣር ለእነዚህ ሳምንታት አቆዩ። በልግ በሚዘንብበት ቀበሌ ጥቂት ደረቅ ቀናት ጠብቁ፣ ሌሊት ሌሊትም አስገቧቸው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ውርጭ፣ እንዲሁም በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ በጭራሽ አትሸልቱ። ለመውለድ አንድ ወር የቀራትንም አትንኳት።

ከመሸለቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፊት፣ ፀሐያማ ጠዋት ላይ በጉን ወንዝ ውስጥ እጠቡትና ንጹሕ መስክ ላይ ይድረቅ። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ አታብሉት፤ ሆዱ ከተነፋ ሲገላበጥ ይጨነቃል። እርጥብ ጸጉር አይሸለትም።

ቦታው የተጠረገ ይሁን፣ ሸራ ይነጠፍ። መቀሱ የተሳለ የበግ መሸለቻ ቢሆን ጥሩ ነው። ቢላዋ ጸጉሩን ያገጣጥባል፣ ቆዳውንም ይቆርጣል። መጀመሪያ የሆዱን፣ የእግሩንና የጭራውን ዙሪያ ሸልታችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ቀጥሎ ትከሻውን፣ ጎኑንና ጀርባውን። ቆዳውን በግራ እጅ ወጠር አድርጉ፣ መቀሱን ቆዳው ላይ አስተኙ፣ በአንድ ምት ቁረጡ። ያመለጠውን ለማስተካከል በሁለተኛ ምት አትመለሱ። ያ ሁለተኛ ምት አጫጭር ብናኝ ያወጣል፣ ክሩ ላይ እብጠት የሚሠራው እሱ ነው። በጉ ላይ ትንሽ ቢቀር ግድ የለም፣ ያድጋል።

ቀለምም ቅደም ተከተል አለው። ነጮቹን በመጀመሪያ ሸልቱ፣ ጥቁሮቹን በመጨረሻ። ነጭ ጸጉር ውስጥ የገባ ጥቁር ለቅሞ ለመጨረስ አይቻልም።

8. እዚያው ሸራው ላይ ለዩት

የመንዝ ጸጉር ዋጋ የሚያጣው አብዛኛውን እዚህ ደረጃ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። መለየት ገንዘብ አያስወጣም፣ አንድ ሰዓት ብቻ ይወስዳል።

በመጀመሪያ በቀለም ለዩት፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡኒ፣ ቡላ። ቀጥሎ በአካል ክፍል፤ የትከሻና የጎን አንድ፣ የጀርባ አንድ፣ የታፋ አንድ፣ የሆድና የእግር አንድ። የግልገል የመጀመሪያ ጸጉር ለብቻው ይቀመጥ፤ ከሁሉም ለስላሳው እሱ ነው፣ ለስካርፍና ለሕፃን ልብስ ይሆናል። ያረጁ እናቶች ጸጉር እየሳሳና እያጠረ ስለሚሄድ ከጎልማሶቹ ጋር አትቀላቅሉት። የሙክት ጸጉር ግን እርግዝናና ማጥባት ስለማይነካው ብዙ ጊዜ እኩልና ረጅም ነው። ሙክት ያላችሁ ለፋሲካ ከመሸጣችሁ በፊት ጸጉሩን መጠቀም ትችላላችሁ።

ጊዜ ያለው ሰው አንድ እርምጃ ይቀጥላል። ዘለላውን ከሥሩ በአንድ እጅ ይይዝና በሌላው ረጃጅሙን ሻካራ ከጫፉ ሳብ ያደርገዋል። ረጅሙ ይወጣል፣ ለስላሳው እጅ ውስጥ ይቀራል። ሥራው አድካሚ ነው። ግን ከዚያው ከመንዝ በግ የሚገርም ለስላሳ ፈትል ይወጣል። ረጅሙም አይጣልም፣ ለምንጣፍና ለገመድ ምርጥ ነው።

9. ሲታጠብ አታሹት

የበግ ጸጉር ላይ ወዝ አለ፤ ላኖሊን የሚባለው ነው። ከአፈርና ከላብ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። መጀመሪያ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት፣ አፈሩና ላቡ ይወጣል። ቀጥሎ እጅ በሚያቃጥል፣ ግን በማይፈላ ውሃ ከለስላሳ ሳሙና ጋር ለሃያ ደቂቃ አቆዩት። ወዙ የሚቀልጠው በሙቅ ውሃ ነው። አትሹት፣ አታገላብጡት፣ ወደ ታች ብቻ ጫን ጫን አድርጉት። ካሻችሁት ይያያዝና እንደ ባርኔጣ ጨርቅ ድርቅ ይላል። ከሙቅ አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ውስጥ በድንገት መንከርም እንዲሁ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ማለቅለቂያው ለብ ያለ ይሁን።

የአመድ ውሃና ኃይለኛ የልብስ ዱቄት ሳሙና ጸጉሩን ይበሉታል። እንዶድ ግን ይስማማዋል። እናቶቻችን ነጭ ልብስ ያጥቡበት የነበረው እንዶድ ያለ አመድ በቂ አረፋ ያወጣል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ አስጡት።

ስለ ሌሎቹ ባለጸጉር እንስሳት በአጭሩ

መርሁ ከበጉ ብዙ አይርቅም። ሞሄር የሚሰጠው የአንጎራ ፍየል በዓመት ሁለት ጊዜ ይሸለታል፣ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ጸጉሩ ይወፍራል፤ ስለዚህ የግልገሉ ውድ ነው። ካሽሚር የሚባለው የፍየል የሥር ጸጉር ነው፣ ከ19 ማይክሮን በታች ይሆናል፣ በሚረግፍበት ወቅት በማበጠሪያ ይሰበሰባል። ከደጋው ወርዳችሁ በአፋር በኩል የምታገኙት ግመልም ከሻካራው ሥር ለስላሳ ጸጉር አለው፤ ሲረግፍ በእጅ ይለቀማል። የአንጎራ ጥንቸል ጸጉር እጅግ ቀጭን ነው፣ ግን በየጊዜው ካልተበጠረ ይያያዛል። በሁሉም ላይ ዘር፣ የእናት ጤና፣ እኩል መኖና ንጽሕና ይወስናሉ።

10. ማስቀመጥና መሸጥ

የማዳበሪያ ጆንያ አትጠቀሙ። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም በየቤቱ ያለው እሱ ነው። ጆንያው ሲያረጅ የላስቲክ ጭረቱ ይላቀቅና ጸጉሩ ውስጥ ይገባል። ሲነደፍ አይወጣም፣ ቀለምም አይቀበልም፣ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ዝተቱ ላይ ሲያብረቀርቅ ይታያል። በሲባጎም አትሰሩት። የአቡጀዲ ከረጢት አሰፉ፣ ወይም ንጹሕ አሮጌ አንሶላ ተጠቀሙ።

ጸጉሩ ፍጹም ሳይደርቅ አይታሰር፤ ከውስጥ ይሞቃል፣ ይቢጫል። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ብል የሚወደው ወዝና ቆሻሻ ያለበትን ስለሆነ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ታጥቦ ይቀመጥ፣ በየወሩም ፀሐይ ይንካው።

በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ቀለሙን፣ የአካል ክፍሉን፣ የተሸለተበትን ወርና ኪሎውን ጻፉ። የእያንዳንዱን በግ ጸጉር መዝናችሁ ከጆሮ ቁጥሩ ጋር ደብተር ላይ ያዙት፤ በሚቀጥለው ዓመት አውራ ስትመርጡ የምትከፍቱት ይህን ደብተር ነው። ለሸማኔ፣ ለምንጣፍ ሠሪ ወይም ለነጋዴ ስታሳዩ ከእያንዳንዱ ደረጃ አንድ አንድ ዘለላ ይዛችሁ ሂዱ። በፊቱ ሳብ አድርጋችሁ አሰሙት። የትከሻውን በትከሻ ዋጋ፣ የሆዱን በሆድ ዋጋ ተነጋገሩ። የአንድ ቤት ጸጉር ጥቂት ስለሆነ ገዢ ላያመጣ ይችላል፤ አምስት ስድስት ቤት ሆናችሁ በአንድ ሳምንት ሸልታችሁ፣ በአንድ ዓይነት ለይታችሁ ካቀረባችሁ ግን ከረጢቱ ይሞላል፣ ገዢውም ይመጣል።